ሰብለ ከመረዳቷ በፊት የነበረችው እሁድ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ላፕቶፗን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ብቻዋን ስታጉረመርም አገኘኋት። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ክላስ የሠራችው ፕሮጀክት እየቆየ ፍሪዝ እያደረገ እንደሚደርቅባት በእንግሊዝኛ ነገረችኝ። «ቆልፎ ሳይከፍት የወጣ አለ፤ እሱን ፈልጊው» አልኳትና ሻይ የምጥድ መስዬ ወደ ኪችን ገባሁ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰብለ ትዝ አለችኝ።

ሰብለና እኔ በአንድ ሰሞን በዲቪ የመጣን፣ ሬይኖልድስበርግ ከተማ አንዲት ጠባብ አፓርትመንት ሼር አድርገን የምንኖር ልጆች ነበርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢስተን የሚባል ሰፈር ሆቴል ክፍል እናጸዳለን፣ በአዘቦት ቀን አንድ ኮሌጅ አብረን እንማራለን። እናቷ እትዬ በላይነሽ ደብረ ብርሃን ገበያ እህል እየቸረቸሩ እሷንና ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ያለ አባት ያሳደጉ ሴት ነበሩ። ሰብለ ስለ እሳቸው ሳታወራ የምትውልበት ቀን አልነበረም። ሽሮ ስንበላ እንኳ «የእማዬ ቢሆን» ሳትል አትጎርስም።

አንድ ዓመት ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲጀምር፣ ልጄ እንደያዘችው ያለ ፕሮጀክት ተሰጠን። ለመማሪያ የተሠራች ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነበረች፤ እምብርቷ ውስጥ፣ ከርነል የሚሉት ውስጥ፣ ሎክ የሚባለውን መቆለፊያ ማስገባት ነበረብን። ሲያወሩት ቀላል ነው። ብዙ ሥራዎች አንድን የጋራ ነገር በአንድ ጊዜ ከነካኩት ይበላሻል፤ ስለዚህ አንዱ ቆልፎ ይገባል፣ ሌሎቹ ውጭ ይጠብቃሉ፣ ሲጨርስ ከፍቶላቸው ይወጣል። የእኛው ግን ጥቂት እንደሠራ ድርቅ ይላል። ሁሉም ይጠብቃል፣ የሚከፍት የለም። ሰኞ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ፊት ሠርቶ ማሳየት አለብን፤ እንደ ፈተና የሚቆጠር ነው።

ቅዳሜ ሥራ ላይ ሳለሁ ጋሼ ታደሰ ደወሉልኝ። የሰብለ እናት ዘመድ ናቸው፤ ድሮ በሱዳን በኩል ተሰደው መጥተው እዚያው አቅራቢያ ካናል ዊንቸስተር ቤት የገዙ፣ ለሁላችንም እንደ አባት የሆኑ ሰው። ብቻዬን መሆኔን ከጠየቁኝ በኋላ፣ እትዬ በላይነሽ ድንገት ታመው ማረፋቸውንና መቀበራቸውን ነገሩኝ። አገር ቤት ያሉትም ሰብለ ከፈተናዋ በፊት እንዳትሰማ ተስማምተዋል።

«ማክሰኞ ጠዋት መጥተን እናረዳታለን» አሉኝ። «እስከዚያ ፊትሽ እንዳያሳብቅብሽ፣ ልጄ።»

አንሶላ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ፣ የታጠበ አንሶላ አፌ ላይ አፍኜ አለቀስኩ። ሰብለ በዚያው ኮሪደር ላይ ክፍል እያጸዳች ነበር።

እሁድ ጠዋት በስልክ ካርድ ወደ ቤቷ ደወለች። ታናሽ ወንድሟ አነሳ። እማዬ ጸበል ሄዳለች አላት። ምስኪን ልጅ፣ እንዴት ችሎ እንደተናገረው እንጃ። ሰብለ ስልኩን ዘግታ ሳቀች።

«ለእኔ ፈተና ብላ ነው የሄደችው። አውቃታለሁ» አለችኝ።

እኔ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ምሳ ሳይደርስ ሽንኩርት የከተፍኩት ለማልቀሻ ምክንያት እንዲሆነኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ውጭ ካፊያ እየጣለ፣ እሷ ኮዱን መስመር በመስመር በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ቆየችና ድንገት ክንዴን ያዘችኝ። ሥራው በደህና ሲያልቅ ይከፍታል። ሜሞሪ አልበቃ ብሎት ስህተት ሲያጋጥመው ግን በሌላ መንገድ ይወጣል፤ በዚያ መንገድ ላይ መክፈት ረስተናል። አንድ መስመር ጨመረች። ፕሮግራሙን አስነሳነው፣ ጠበቅነው፣ አልቆመም። ሰብለ ተነሥታ በካልሲዋ ምንጣፉ ላይ እስክስታ ወረደች። እጄን ጎትታ አስነሣችኝ፤ አብሬያት ጨፈርኩ። ትከሻዬን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። እናቷ ከጸበል ሲመለሱ መጀመሪያ የምትነግራቸው ይህንኑ እንደሆነ፣ ባይገባቸውም እልል እንደሚሉላት፣ እየሳቀች ነገረችኝ። ሳቋ ከሆዷ የሚወጣ ነበር።

ሰኞ ፕሮጀክቱን አሳየን፤ ፕሮፌሰሩ ሁለታችንንም አመሰገኑን።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቀድሜ ልከፍት ስነሣ እሷ ደረሰች። ጋሼ ታደሰና ባለቤታቸው፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ጋር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቀቻቸውም። ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

መልሴን ሳትጠብቅ አንገቴ ላይ ወደቀች። ያን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያው ሳምንት አገር ቤት ገባች። ወንድሞቿ ትንንሽ ነበሩ፣ የሚይዛቸው ሰው ጠፋ። አርባውን አውጥቼ እመለሳለሁ ያለችው ሰው ዓመት አለፋት፣ ከዚያም ግሪን ካርዷ ጊዜው አልፎ ተቃጠለ። የእናቷን ቦታ ይዛ እህል ነግዳ፣ ሁለቱንም ልጆች ለወግ ለማዕረግ አበቃች። ትምህርቱን እኔ ጨረስኩ፤ እንጀራዬም በዚያው ሆነ። ከሁለታችን በትምህርቱ የምትበልጠው እሷ ነበረች።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሻዩ እስኪፈላ ለሰብለ ደወልኩላት። የልጄን ነገር ስነግራት አዳመጠችኝ። ስለዚያች እሁድ አንሥተን አናውቅም ነበር። እሷው አነሣችው።

«በዚያች እሁድ አትዘኚ» አለችኝ። «እናቴ ሳትሞትብኝ የጨፈርኩባት የመጨረሻዋ ቀን ናት። ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም።»

እሺ አልኳት። የቀኗ ባለቤት እንዲህ ካለች እኔ ምን እላለሁ። ነገር ግን ያን እሁድ እናቷ ያሉ መስሏት ስትስቅ ያየኋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ በስንት በዓል፣ በስንት ስልክ፣ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።