ሰኞ ሚካኤል ሲውል

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቀኔን የሚያዙት ደወል፣ ፈተናና የካፌ ሰልፍ ነበሩ። ተመርቄ ሞላሌ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ስገባ ግን የሚያዘኝ ጠፋ። መጀመሪያ ዕረፍት አልኩት። ሁለት ወር ሲሞላው ስንፍና መሆኑን ራሴም አወቅሁት።

አንድ ረፋድ ላይ፣ ገና እንደተከናነብኩ፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን ደጅ ላይ እናቴን ሲጠይቋት ሰማሁ።

«ልጁ ሥራ ያዘ?»

«ጥሪ እየጠበቀ ነው» አለች።

ምንም ጥሪ አልነበረም። ለእኔ ብላ መዋሸቷ አንገበገበኝ። ያችን መልስ ዳግም ከአፏ ላልሰማ ማልኩ።

የዚያኑ ቀን ፕሮግራም ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ፣ ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት። ሥራው የጓሯችን ገብስ የድንጋይ ካብ ነበር። ክረምቱ ስላፈረሰው በጎች እሸቱ ውስጥ መግባት ጀምረዋል፤ አባቴን ደግሞ ወገባቸው እንቢ ብሏቸዋል። «እኔ እክበዋለሁ!» ብዬ ፎከርኩ።

ሰኞ ማለዳ ሦስተኛውን ድንጋይ ሳነሳ ጎረቤታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩኝ።

«አንተ! በሚካኤል? ገብሳችንን በረዶ ልታስመታው ነው? የተማረ ይግደለኝ ብንል እውነት መሰለህ?»

ድንጋዩን እንደታቀፍኩ ቀረሁ። ከኋላቸው የነበሩት አባቴ «አስቀምጠው ልጄ፣ የትም አይሄድ» አሉኝ። ቤት ገብተን ወረቀቴን አስነበቡኝ፤ እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። አዳምጠው ሲያበቁ፣

«ሳምንቱን ብቻ ነው ያስተማሩህ?» አሉ።

ወረቀቱን ገለበጥኩና «እስቲ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከልደታ ጀምረው እስከ ባለወልድ፣ የትኛው ቀን እንደሚከበር፣ በየትኛው እንደሚሠራ፣ ጣታቸውን እያጠፉ ወሩን ሙሉ አወረዱልኝ። እኔ የሚያዘኝ ጠፋ ብዬ ስተኛ፣ እሳቸው እያመማቸውም ቀን ሳይዛነፍባቸው ይኖሩ ነበር። አፈርኩ።

በማግሥቱ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። እጄ ተላጠ። የካብኩት ሁለት ጊዜ ተናደ፤ ሁለት ጊዜም መልሼ ካብኩት። በገብርኤል ዕለት እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ እንደዚያ ቀን ዕረፍት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ወሩ በገባ በሃያ፣ የመጨረሻውን ክፍተት ስደፍን፣ ጎረቤታችን እንደገና ደጃችን ቆሙ።

«የልጁ ጥሪ አልመጣም?»

«ጥሪ አይጠብቅም» አለች እናቴ፣ እኔም እንድሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ሥራ ላይ ነው። ነገ ማርያም ናትና ዛሬ ይጨርሳል።»