የማክሰኞ ውሃ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በግጥም ጽፌው ነበር፤ ቀደድኩት። ለማላውቅህ ለአንተ፣ ለአንባቢዬ፣ ልናገር።

አዳማ ውስጥ የጋሽ ደሳለኝን ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሽ ደሳለኝ ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ናቸው። ልጃቸው ብርሃኑ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ በመስታወት ሳጥን ያሳደጋቸውን አምስት ቀያይ ዓሦች ትቶላቸው ነበር። «ስመለስ ላግኛቸው፣ አባባ» ቢላቸው፣ «እስክትመጣ እኔ አለሁላቸው» ብለው ቃል ገቡለት።

ያ ግቢ ዛሬም ይናፍቀኛል። የፓፓያው ዛፍ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር ፉጨት፣ ጥላው ሥር የቆመው ሰማያዊ በርሜል። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት ስላለበት ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ ጋሽ ደሳለኝ በርሜሉን ሞልተው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ አልፎ አልፎ በእንጨት እያማሰሉ መድኃኒቱ እስኪተን ሁለት ሦስት ቀን ያሳድሩታል። ከዚያ አንድ እጃቸውን በርሜሉ፣ ሌላውን ሳጥኑ ውስጥ ነክረው ሙቀቱን ያስተያያሉ፤ ከሳጥኑ ውሃ የሚለውጡትም ሲሶውን ብቻ ነው። የመድኃኒቱን ሽታ ግን መለየት አይችሉም ነበር፤ የባቡር ጭስ አፍንጫቸውን በልቶታል። በአፍንጫቸው ፈንታ ጠመኔ ነበራቸው። ውሃው የተቀዳበትን ቀን በርሜሉ ላይ ይጽፋሉ።

«ገጣሚው!» ይሉኝ ነበር። «ግጥምህንም እንዲህ አሳድረው። ትኩሱ ይገድላል።»

«የኔ ግጥም ማንን ይገድላል፣ ጋሼ?»

«ሰሚውን!» ብለው ይስቃሉ።

አንድ ሐሙስ በቀበሌው አዳራሽ ግጥም ላነብ ተጋበዝኩ። ግጥሙ ስለ እውነት ነበር። ነጭ ሸሚዜ ቆሽሿል፣ ቧንቧው ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል፣ ጋሽ ደሳለኝ ለለቅሶ ሞጆ ሄደዋል። በርሜሉ «ማክሰኞ» ይላል። ከበርሜሉ የቀዳሁት እኔ ነኝ። ሸሚዜን ያጠብኩት፣ ገላዬን የታጠብኩት፣ ውሃውን ከግማሽ በታች ያወረድኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቧንቧው ውሃ ሲመጣ፣ እንዳይታወቅብኝ እስከ አፉ ሞላሁት። የመድኃኒቱ ሽታ ዓይን ያቃጥል ነበር። «ማክሰኞ»ን አላጠፋሁም። ረሳሁት ልበል? አልረሳሁትም።

አርብ ጠዋት ጋሽ ደሳለኝ ከሞጆ ተመልሰው ጠመኔውን አነበቡ፣ እጃቸውን ነከሩ፣ ቀዱ። በመስኮቴ አያቸው ነበር። ለምን አልጮህኩም? የማታው ጭብጨባ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ምንም አይሆኑም፣ አልኩ።

ከምሳ በፊት አምስቱም በጎናቸው ተንሳፈፉ።

«እኔ ገደልኳቸው» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። «አርጅቻለሁ። ቀን መቁጠር አቃተኝ።»

«የእግዜር ሥራ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። የታጠበውን ሸሚዝ ለብሼ።

ብርሃኑ ከዓመት በኋላ በደህና ተመለሰ። ገና በሩ ላይ ሳለ «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉት። «አባባ፣ ዓሣ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። እኔ ሻንጣውን ተሸክሜ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ቀድሜያቸው ወደ ቤት አስገባሁት።

ራሳቸውን ማመን ትተው ነበርና በየጠዋቱ በሬን ያንኳኳሉ። «ገጣሚው፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» የሚያምኑት እኔን ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፉ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩና አንተን ይቅርታ አልለምንህም። በየጠዋቱ እውነተኛውን ቀን እነግራቸው ነበር፤ ሰኞውን ሰኞ፣ ማክሰኞውን ማክሰኞ። ያንን ሐሙስ ብቻ ሳልነግራቸው ቀረሁ።