ቢዮ ወይስ ቢያ

ጽሕፈትህ ያምራል ይሉኝ ነበር። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ቀበሌ የተቋቋመ ሰሞን ታላቅ ወንድሜን ጸሐፊ አድርገው መረጡት። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም ስለሚችል ነው የመረጡት። እኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። እሱ ስብሰባ ላይ የሰዉን ቃል በየቋንቋው ሞነጫጭሮ ያመጣል፤ እኔ ወደ አማርኛ መልሼ፣ አሳምሬ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ወደ ከፍተኛው ቢሮ ይሄዳል።

አንድ ቀን የስብሰባው አጀንዳ «ሰፊው ሕዝብ ምን ይፈልጋል?» የሚል ነበር። ዴሞክራሲ መጥቷል፣ ሕዝቡ ሳይፈራ ይናገር ተባለ። እኔ አልነበርኩም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሁላችንም «ሀቦ»፣ በሶማሊኛ አክስት፣ የምንላቸው ሶማሌ ጎረቤታችን፣ ወተት ሻጯ፣ ተነሡና፣

«አቦ፣ ይሄ ዴሞክራሲ የምትሉት በባልዲ ይቀዳል እንዴ?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ «ቢዮ» አሉ። በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው። ሰፈራችን ቧንቧ አልነበረውም፤ ሴቶቹ የደረቀው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ እየማሱ ነበር የሚቀዱት።

ወረቀቱ ላይ ማን እንደተናገረ አልተጻፈም። እኔ «ቢያ» ብዬ አነበብኩት። በኦሮምኛ አገር ማለት ነው። ወንድሜ ሲቸኩል የሚጽፋቸው ዮ እና ያ አይለዩም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ የጠየቅኩት ይመስለኛል። «አፍህን ዝጋና እጅህን አሠራ» ብሎ የሳቀብኝም ይመስለኛል። ግን ያ የሌላ ቀን ሊሆን ይችላል።

«ነዋሪዎቹ አገር ይሰጠን ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። በቀይም አሰመርኩበት። ሳያነብ ፈረመ። ያምነኝ ነበር።

ጊዜው ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሊመጣ ነው የሚባልበት፣ «አገር» ያለ ሁሉ በገንጣይነት የሚጠረጠርበት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሥራ ቦታው ወሰዱት። እናቴ ልትጠይቅ ስትሄድ ካድሬው፣ «ልጅሽ የምን አገር ነው የሚፈልገው?» አላት።

«ኧረ የኔ ጌታ፣ እዚሁ ድሬ ነው የተወለደው» አለችው።

ይህን ስትነግረኝ ስብሰባው ላይ የተናገረው ማን እንደነበረ ሰዉን ጠየቅኩ። ሀቦ ዘንድ ሮጥኩ።

«ቢያ? እኔ ቢያ ምን ያደርግልኛል? ውሃ ነው ያልኩት፣ ወላሂ!»

ከዚያ ካድሬው ቢሮ በር ድረስ ሄድኩ። ስህተቱ የኔ ነው ልል። ዘበኛው፣ «ምን ፈለግክ?» አለኝ።

«ውሃ» አልኩት።

በጣሳ ሰጠኝ። ጠጥቼ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ ዛሬም አላውቅም።

በሳምንቱ የወሰድንለትን ምግብ «ከእንግዲህ አታምጡ» ብለው መለሱልን። ሌላም የሚጠረጥሩት ነገር ነበር የሚሉ አሉ። በወረቀቱ ብቻ ሰው አይገደልም ይላሉ። አላውቅም። የእሱ ሙጭርጭር አሁንም እኔ ጋ አለ። አንዳንድ ቀን ዮ ነው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ። «ያ» ሲመስለኝ፣ የተሳሳተው እሱ ነው ብዬ ትንሽ ቅልል ይለኛል፤ ወዲያው አፍራለሁ።

የሰፈሩ የውሃ ቦኖ ዘግይቶ ተተከለ። ሀቦ ሰልፉ ላይ ሲያዩኝ ሴቶቹን ይገፋሉ፤

«ዞር በሉ! ይህን ውሃ ጽፎ ያመጣው የሱ ወንድም ነው። ይቅደም!»

ሴቶቹ ያሳልፉኛል። «አገር» ብዬ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ለእናቴም፣ ለሀቦም አልነገርኩም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ባልዲው እስኪሞላ ብቻ እላለሁ። ከዚያ ይሞላል።