ከእህቴ ጋር በሮም ጥቁር አንበሶች ሥር

ረቡዕ ንጋት፣ አይቮሪ ፓርክ፣ ደቡብ አፍሪካ

ሱቄን ለጓደኛዬ ለከድር አስረክቤ ወጣሁ። የጆበርግ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። የሰፈራችን ሹፌር ሲፎ ሻንጣዬን እየጫነ፣ «አገርህ ልትገባ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ሮም ነው። እህቴ ዘንድ።»

ሐያት ከወራቤ ወደ ጣሊያን ስትሄድ እኔ ገና ጢም አላበቀልኩም። ኋላ እኔም ወደዚህ ወረድኩ፤ ድንበር የሚያሻግር ወረቀት ሳላገኝ ዓመታት አለፉ። አሁን ተገኘ። ሲፎ ኤርፖርት ሲያወርደኝ «ሃምባ ካሽሌ» አለኝ፤ በሰላም ሂድ ማለቱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ሮም

ፀሐዩ ያቃጥላል። ሐያት የምትንከባከባቸው አሮጊት ቶሎ አይለቋትም፤ «ከሰፊው ደረጃ ሥር፣ ከአፉ ውሃ የሚፈሰው ጥቁር አንበሳ ጋ ጠብቀኝ» ብላኛለች። አገኘሁት። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ፊቱ ቁጣ የለበትም፣ በልቶ የጠገበ ይመስላል። ቱሪስቶች አጠገቡ ፎቶ ይነሳሉ። የምታልፈዋን ሴት ሁሉ አያለሁ፤ የማውቀው ቀጭን ፊት የለም። ሳታውቀኝ አልፋኝ ቢሆንስ? ፈራሁ።

ስልኬ ጮኸ። «የት ቀረህ? እግሬ ደነዘዘ!»

«አንበሳው ጋ ነኝ!»

«እኔም አንበሳው ጋ ነኝ!»

ድምጿ ከስልኩም ከማዶም መጣ። ዞር ስል ከደረጃው ወዲያ ሌላ አንበሳ አለ፤ አጠገቡ ሻሽ ያሰረች ወፈር ያለች ሴት ስልኳን ትቆጣለች። ሮጥኩ።

«ነስሩዬ! ሸበትክ እኮ!» ብላ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ።

ፒዛ ገዝተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አንበሶቹን የጥንት ሮማውያን ከግብፅ እንዳመጧቸው ነገረችኝ። «ቋንቋው ሳይገባኝ በፊት እዚህ እየመጣሁ በስልጥኛ አወራቸው ነበር።»

«መለሱልሽ?»

«ከአሮጊቷ ይሻላሉ፤ አያቋርጡኝም።»

ወራቤ በቪዲዮ ደወልን። እናታችን ሁለታችንን ባንድ ላይ ስታይ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ከጎናችሁ ያለው ምንድነው?» አለች።

«አንበሳ ነው እማ፤ ከግብፅ የመጣ። ጓደኛውም ወዲያ አለ» አልኳት።

«እሰይ፤ እነሱስ አልተለያዩም» አለች።

ሐያት ፊቷን አዞረች።

እሁድ፣ መመለሻ

የሮም ኤርፖርት በር ላይ ሐያት እጄን ይዛ ቆመች።

«ቤትህ ስንት ክፍል ነው?»

«አንድ፤ ከሱቁ ጀርባ።»

«ይበቃል። አሮጊቷ ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ እመጣለሁ። ፍራሽ ግዛ።»

ሰኞ አይቮሪ ፓርክ ስደርስ ከድር የሱቁን ቁልፍ ዘረጋልኝ።

«እስከ ምሳ ያዝልኝ» አልኩትና ፍራሽ ልገዛ ወጣሁ።