ጎመን ያልነው ዛፍ

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ፣ አንዲት ልጅ እግር ነጋዴ በላስቲክ የታሰረ አረንጓዴ ዱቄት ፈትታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ። «ሽፈራው ነው እናቴ፤ ለስኳርም ለደም ግፊትም ነው፤ ይውሰዱ» አለች። እኔ ስኳርም ደም ግፊትም የለብኝም፤ የሚያመኝ ጉልበቴን ነው። ሽታው ግን ያዘኝ። ፌጦ ሲወቀጥ እንደሚሸተው ያለ፣ ትንሽ የሚያቃጥል፣ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ እርጥብ የሚል። እዚያው ገበያ መሀል እንደ ቆምኩ ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጅቷ ደንግጣ «ምነው፣ ዓይንዎ ገባ እንዴ?» ብትለኝ «አዎ ልጄ፣ ገባ» አልኳት። ለገበያ ሰው ምን ብዬ ልንገር። ላንተ ግን ልንገርህ፣ ጊዜ ካለህ።

ያኔ በሰፈራችን ይህን ዛፍ ሽፈራው ብሎ የሚጠራው አልነበረም። ሰፈር ስልህ የሰፈራ ጣቢያ ማለቴ ነው፤ መተማ፣ ሱዳን ጠረፍ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግስት ከወሎ በጭነት መኪና ተጭነን ሄድን። ወደን ነው ብልህ ውሸት ነው፤ ተገደን ነው ብልህ ደግሞ አባቴ ከመቃብሩ ይነሳብኛል፣ «ማን ያስገድደኛል!» የሚል ሰው ነበር። ተመዝገቡ ተባለ፣ ተመዘገብን። ስንደርስ በመስመር የተሠሩ የሣር ጎጆዎች፣ እግር የሚውጥ ስንጥቅጥቅ ዋልካ፣ ከዚያ በኋላ ሜዳ፣ ሜዳ፣ ሜዳ። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ዙሪያዋን ቃኝታ «እንዴ፣ እዚህ አገር ጸሐይ ከየትኛው ተራራ ጀርባ ነው የምትገባው?» አለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

ከጎናችን ባለው ቤት አንድ የትራክተር ነጂ ከሱዳናዊት ሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ሰውየው ወደ አብደራፊ እርሻ ከሄደ ወር አይመለስም፤ እሷ ብቻዋን ትውላለች። ረጅም፣ ጥቁር፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። አማርኛዋ ግን ጉድ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የምትለው። አባቴን ሳይቀር «አንቺ ደህና አደርሽ?» ትለዋለች። በቤቱ ሳቅ የማያበዛው አባቴ ለእሷ ይስቅ ነበር፤ «ደህና አደርኩ እቴ፣ እግዜር ይመስገን» ይላታል በሴት ድምፅ ማለት ይቻላል።

ክረምት ሲገባ የምንጠጣው ውሃ ጭቃ ሆነ። እንስራውን ብታሳድረው ብታውለው አይጠልልም፤ ልጆች በተቅማጥ ያልቁ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ሱዳናዊቷ በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ፍሬ ይዛ የመጣችው። ክንፍ ያለው፣ ባቄላ የማያህል ፍሬ። ወቀጠችው፣ በጨርቅ ቋጠረችው፣ እንስራው ውስጥ ከትታ አማሰለችው። ቁርስ በልተን ስንመለስ ጭቃው ታች ተኝቷል፣ ላዩ ፊት ያሳያል። እናቴ ሦስት ጊዜ አማተበች። «ጥንቆላ አይደለም» አለች ሱዳናዊቷ እየሳቀች፤ «ሩዋግ ነው። በእኛ አገር ሁሉ ሰው ደጅ አለ። አንቺ ትከይው።»

እናቴ ከፍሬው አራት አስቀርታ በራችን ፊት ተከለች። አንዱ ብቻ በቀለ። እንዴት ያለ አስተዳደግ መሰለህ! በዓመቱ ከጎጆው ጣሪያ አለፈ። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ጥላው ስስ፣ አበባው ነጭ ሆኖ በጠዋት ንብ ሲያንጎራጉርበት ይሰማል። አባቴ ወደደው። ከፍየል እንዲድን እሾህ ዙሪያውን አጥሮለት፣ ከጋራ እርሻው ሲመለስ ሥሩ ቁጭ ይላል። የጣቢያው ካድሬ አንድ ቀን መጥቶ «ሁሉም ግቢ እንደዚህ መዋብ አለበት» ብሎ በስብሰባ አሞገሰው። አባቴ ለሳምንት ኮራ። ለእሱ ያ ዛፍ የደጅ ጌጥ ነበር፤ ቅጠሉ እንደሚበላ አላወቀም። ቢያውቅማ ቀድሞ በነቀለው።

እዚህ ላይ ስለ ታናሽ ወንድሜ ልንገርህ። በድርቁ ወቅት እህል ይታደላል ወደተባለበት ከተማ በእግር ስንሄድ፣ አባቴ ከመንገድ ዳር ቅጠል ለቅሞ ቀቅሎ ሰጠው። ወንድሜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በላ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በአባቴ ጀርባ ላይ እንዳለ ሞተ። ሲያወርደው ከንፈሩ ገና አረንጓዴ ነበር። ቅጠሉ ይሁን ረሃቡ የገደለው ማንም አያውቅም። አባቴ ግን አውቃለሁ አለ። መተማ ገብተን የመጀመሪያውን ማሽላ የበላን ዕለት፣ እናቴን አስቀምጦ «ከዛሬ ጀምሮ ቅጠል የሚባል በቤቴ ድስት አይገባም» አላት። ጎመን ሲቀር፤ ጎመን የሰው እርሻ ነው ይል ነበር። እናቴ አንገቷን ደፍታ እሺ አለች።

በሁለተኛው ዓመት ታናሽ እህቴን ዳፍንት ያዛት። አምስት ዓመቷ ነበር። ቀን ቀን ጭልፊት ናት፤ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ዶሮ ቆጥ ላይ ሳትወጣ እሷ ግድግዳ መዳበስ ትጀምራለች። መጀመሪያ የምትጫወት መስሎን ሳቅንባት፤ እኔ እንዲያውም «ደሞ ጀመረሽ!» እያልኩ እኮረኩማት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንድ ምሽት ወደ እናቴ ስትሄድ ምድጃው ውስጥ ገባች፤ ግራ እጇ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ጉበት አብሏት አሉን። ጉበት ከየት ይመጣል? አንዲት አሮጊት «ካልተያዘ እያደር ቀኑንም ይነሳታል» ያለች ቀን፣ አባቴ ወጥቶ ዛፉ ሥር እስኪመሽ ተቀመጠ።

ሱዳናዊቷ ናት መፍትሔውን የነገረችን። ከዛፉ ጫፍ ለስላሳውን ለጋ ቀጥፋ በሁለት ጣቷ ቀጭ አድርጋ ሰብራ አሳየችን። «ይሄን ትበላለች፣ ዓይን ይመጣል። በእኛ ቤት ልጅ ሁሉ ይበላል።» እናቴ አባቴን ለመነችው። አልተቆጣም። «አንዱን በእጄ አብልቼ ቀብሬያለሁ። ይቺንም በእጅሽ አብልተሽ ልትቀብሪያት ነው?» አላት።

በማግስቱ ግን አባቴ እርሻ ሲወጣ እናቴ ጠራችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ዛፍ ላይ መውጣት እችላለሁ። ለጋ ለጋውን ቀጠፍኩ፤ እጄ ፌጦ ፌጦ ሸተተ። እናቴ ከትፋ ቀቀለችው፣ ውሃውን ደፋች፣ የተፈጨ ሰሊጥ ጣል አደረገችበት። ለእህቴ ብቻ ብትሰጣት ስለሚያስነቃ ለሁላችንም አቀረበች፣ ለአባቴም። «ጎመን ነው፣ ጎረቤት ሰጥታኝ» አለችው። አባቴ ጎረሰ፣ ደገመ። «የአገሬን ጎመን አስታወሰኝ» አለ። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

እንዲህ ሦስት ሳምንት ያህል በላን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ እኛም አልቆየንም። አባቴ የወደደውን ጎመን ራሱ ሊገዛ ቅዳሜ ገበያ ወረደ፤ እናቴን ደስ ሊያሰኛት ነው እኮ። ነጋዴዎቹ ሳቁበት። «በዚህ ሐሩር ጎመን! አባቴ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማሉ እንዴ?» አሉት። ተመልሶ መጣና እናቴን አልጠየቃትም፤ እኔን ነው የጠየቀኝ። ከአጥሩ ጋ ወስዶ ትከሻዬን ያዘና «አንቺ አትዋሺኝም። ስንበላ የከረምነው ምንድን ነው?» አለኝ። ዋሽቼው አላውቅም ነበር። አንገቴን ወደ ዛፉ አዞርኩ፤ በቃ።

ምሳሩን አመጣ። የዚያ ዛፍ እንጨት ለስላሳ ነው፤ ወገቡ ላይ አራት ጊዜ ቢመታው ወደቀ። አበባው መሬቱ ላይ ተበተነ፣ ሽታው ግቢውን ሞላው። የጎረቤት ፍየሎች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። እኔ ያኔ የተሰማኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ዛፉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ የእህቴንም ዓይን እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ነበር።

ጸሐይ ገባች። እጇ ከተቃጠለ ወዲህ በዚያ ሰዓት እህቴን እጇን ይዤ ደጃፍ መቀመጥ ሥራዬ ነበር፤ ተቀመጥን። አባቴ ከአጥሩ አጠገብ በወደቀው ግንድ ላይ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ቁጭ ብሏል። እኔ እንዳላየው ጉልበቴን አያለሁ። እህቴ እጄን ጎተት አደረገችና «አባዬ ለምን ያለቅሳል?» አለች።

ዝም በይ ልላት አፌን ስከፍት ነው የገባኝ። ምሽቱ ድንግዝግዝ ብሏል፣ እኔም በደንብ አይታየኝም። እናቴ ከቤት ውስጥ ስትወጣ የያዘችው ቅል ወድቆ ተሰበረ። አባቴ ብድግ አለ። «ማነው ያለው? ከዚያ ሆነሽ ታይኛለሽ?» አለ። እህቴ ሳቀች። «አይሃለሁ። ጢምህ ላይ አበባ አለ።»

አባቴ እጁን ወደ ጢሙ ወሰደ፤ እውነትም አበባ ነበር። ከዚያ ወደ ምሳሩ አየ፣ ወደ ጉቶው አየ። እዚያው ጉቶው ሥር በጉልበቱ ወደቀና፣ የተቆረጠውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሰው «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ዛፉን ይሁን ወንድሜን፣ አልጠየቅነውም።

በማግስቱ ጠዋት ሱዳናዊቷ በአጥሩ ብቅ ስትል እኛ ሐዘን ላይ እንዳለ ቤት ተቀምጠናል። ጉቶውን አየችና እጇን አጨበጨበች። «ጎበዝ! አንቺ ታውቂያለሽ!» አለችው አባቴን። «በእኛ አገር በየዓመቱ እንዲህ ነው። ካልቆረጥሽ ይረዝማል፣ እጅ አይደርስም። አሁን ለጋው ከዚህ ይወጣል፣ ብዙ ብዙ።» አባቴ አፉን ከፍቶ አያት። እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች እንዲህ ያለ ዛፍ ከወገቡ ሲቆረጥ ሞተ ነው የምንለው። ሳምንት አልሞላም፣ ጉቶው ዙሪያውን አረንጓዴ አቆጠቆጠ። እህቴ እጇን ዘርግታ ራሷ እስክትቀጥፍ ድረስ ዝቅ ያለ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በየዓመቱ በገዛ እጁ ይቆርጠው ነበር፣ በዚያው ምሳር። ለጋውን ለቅሞ ለእናቴ ያቀብላል፣ እህቴ ስትበላ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እስክትጨርስ ያያታል። እሱ ግን አይቀምስም። እናቴም አትጠይቀውም።

ዛፉ በተቆረጠ በሦስተኛው ዓመት፣ የሰሊጥ አጨዳ ላይ፣ ወባ ጣለው። ብርቱ ሰው ነበር፣ በአራት ቀን አጥንቱ ወጣ። ምግብ ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እናቴ የመጨረሻውን ለጋ ቀቅላ በሰሊጥ አቀረበችው። ሽታው ቤቱን ሞላ። ያንን ሽታ እሱ አያጣውም፤ እጁ ላይ ስንት ዓመት የኖረ ሽታ ነው። ዓይኑን ገልጦ እኔን አየኝና «ጎመን ነው?» አለኝ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አጥሩ ጋ ያቃተኝን አሁን አደረግሁት። «ጎመን ነው አባዬ» አልኩት።

«እንግዲያስ አጉርሺኝ» አለ።

ሦስት ጉርሻ ዋጠ። ሦስተኛውን ሲውጥ እጄን ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ አሸተተው፣ አልለቀቀኝም። በማግስቱ ነው ያረፈው። እዚያው በረሃ ቀበርነው። መንግሥት ሲለወጥ ሰፈራው ተበተነ፣ እኛም በመጣንበት ዓይነት መኪና ተጭነን ወጣን። ሱዳናዊቷ መንገድ ድረስ ሸኝታን «አንቺ ደህና ግቢ፣ አንቺ ደህና ግቢ» እያለች አለቀሰች። እናቴ የጉቶውን ለጋ ነክታ ነክታ ነበር መኪናው ላይ የወጣችው።

ዱቄቱን ገዛሁት። ውድ ነው ደግሞ፤ ያኔ ከፍየል እንጠብቀው የነበረውን ነገር! ቤት ገብቼ በሰሊጥ ሠራሁት፤ የዱቄት ነገር፣ ጣዕሙ አልመጣም፣ ሽታው ግን መጣ። እህቴ ሲመሽ ሲመሽ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ ያን ዕለትም መጣች። እሷም ሸብታለች። በሩ ላይ ቆም ብላ አየር ሳበችና «ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ።

«ጎመን ነው» አልኳት፣ ፊቴን ወደ ድስቱ እንዳዞርኩ።

እሷ ግን ቀስ ብላ «ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። መብራት ገና አላበራሁም ነበር።