ሩቅ ነው ያላት ቀን

ባለቤቴን በስሙ የሚጠራው የለም፤ አገሩ ሁሉ «እዚችው» ነው የሚለው። ሥራው የእግር መንገድ መጠበቅ ነው። መንገዱ ከደጃችን ይነሳል፣ በሁለት የቁጥቋጦ አጥር መሀል ያልፋል፣ ረግረጉን በሳንቃ ይሻገራል፣ ከዚያ ወንዙን ይዞ ሸለቆውን ሲጨርስ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ይወጣል። አጥሩን የሚከረክም፣ የበሰበሰ ሳንቃ የሚቀይር፣ ተጓዥ እንዳይጠፋ ድንጋዩን ቢጫ ቀለም የሚቀባ እሱ ነው። ከድንጋዩ ይልቅ ግን ቀለሙን የሚጠጣው ሱሪው ነው። አጣቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ስሙ የወጣለት በአፉ ነው። ከከተማ የሚመጡት ተጓዦች ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ አጥሩ ሥር ያገኙታል። «ጋሼ፣ ፌርማታው ሩቅ ነው?» ይሉታል። መቀሱን እንኳ ሳያስቀምጥ «ኧረ እዚችው ናት!» ይላቸዋል። እዚችው ናት! ጠዋት የተነሳ ሰው ምሳውን መንገድ ላይ በልቶ፣ እግሩ ውሃ ቋጥሮ ነው የሚደርስባት። አንድ ቦርጫም ተጓዥ በዓመቱ ተመልሶ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እዚችው ናት እንዳሉኝ እስካሁን እየሄድኩ ነው» አለው። እሱ ሆዬ ከት ብሎ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለምንድነው የምትዋሸው?» እለዋለሁ።

«ሩቅ ነው ያልኩት እንደሆን ጉልበቱ እዚሁ ይከዳዋል። እዚችው ናት ካልኩት እየረገመኝም ቢሆን ይደርሳል።»

«የሚረግመው አንተን ብቻ መሰለህ? እኔንም ጭምር ነው!»

«እርግማን እንደሆነ መንገድ ላይ ይቀራል» ብሎ ወደ አጥሩ ይዞራል።

የመንገዱ ቢሮ ሰዎች የተጓዡ ስሞታ ሲበዛባቸው ርቀቱ የተጻፈበት ሰሌዳ ላኩ። ራሱ ቆፍሮ ራሱ ተከለው። ሰዉ ግን ሰሌዳውን ያነብና ዞሮ እሱን ይጠይቃል። ደስ የሚለውን መስማት ነው የሚፈልገው፤ እሱስ ምን ያድርግ።

ለመንገደኛ እንዲህ አፉ የሚጣፍጠው ሰው ለልጁ ግን አፉ ድንጋይ ነበር። አንዲት ልጅ ናት ያለችን። ከተማ ገብታ አንድ ጎሚስታ አገባች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ምን ይወጣለታል? አባት ግን «ልጄን ለጎማ ነፊ አልሰጥም» አለ። ማን ስጠኝ አለህ! ሰርጓ ላይ አልተገኘም። እኔ ብቻዬን ሄጄ «አባቷን አሞት ነው፣ አባቷን አሞት ነው» ስል ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ደጃችንን አልረገጠችም። ከእኔ ጋር በስልክ እናወራለን። እሱ ስልኩ ሲጮህ መቀሱን አንስቶ ይወጣል፤ ወጥቶ የሚከረክመው ግን መስኮቱ ሥር ያለውን ነው። እዚያ የሚከረከም ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። እንዳይታረቅ ደግሞ፣ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል እንደሚባለው ሆነበት።

ባለፈው ክረምት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ረግረጉ ላይ ወጣ። ጠዋት ሄዶ ቢያይ መሀል ላይ ያለውን ሳንቃ ውሃው ወስዶታል። የባሰው ደግሞ ጎርፍ ያመጣው ቄጠማ ክፍተቱ ላይ ተኝቶ ደልዳላ መሬት አስመስሎታል፤ ሥሩ ግን ሰው የሚውጥ ጭቃ ነው። በእኛ በኩል ገመድ ወጥሮ ዘጋው። ወዲያኛውን ጫፍ ደግሞ ውሃው ትንሽ ሲጎድል ዞሬ እዘጋዋለሁ ብሎ ተመለሰ።

ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«እማዬ፣ ፌርማታው ላይ ወርጃለሁ። በእግሬ ልመጣ ነው» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?»

«በደህና ነው። አርግዣለሁ፤ ለአባዬ በአፌ ልንገረው ብዬ ነው። አለ?»

ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። እሱ እንደ ልማዱ መቀሱን ይዞ ሊወጣ ሲል ክንዱን ጨምድጄ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። ድምጿ ለእኔም ይሰማኛል። እንደ መንገደኞቹ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ቤትዎ ሩቅ ነው?» አለችው። ቀልዷን አልነበረም፣ እርቅ መጠየቋ ነበር። እኔ በልቤ «እዚችው ናት በላት፣ በላት» እላለሁ። እሱ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሩቅ ነው። ተመለሺ» አላት።

ስልኩ ተዘጋ።

«ምን ነካህ አንተ! ልጄን አባረርክብኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሳንቃው የለም እኮ።»

«ታዲያ ሳንቃው የለም አትላትም?»

«ልላት ስል ዘጋችው» አለ።

መልሼ ብደውል፣ ብደውል አይጠራም። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ስልኳን አጥፍታ አውቶቡስ እየጠበቀች ከሆነ ተቀይማ እስከ ወዲያኛው ቀረችብን፤ ሸለቆው ውስጥ ገብታ ከሆነ ደግሞ እስከነሆዷ ወደዚያ ጉድ እየሄደች ነው። እኔ የወለድኳትን አውቃታለሁ፤ ተመለሺ የተባለች ቀን ነው የምትቀጥለው። በማን ትውጣ!

ረጅም እንጨት ይዞ ተነሳ። «አንቺ ቅሪ» አለኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። በአጥሩ መሀል እየሮጥን ወረድን፤ ረግረጉ ጋ ስንደርስ በዳር በዳሩ ዞርን፤ ዙሪያው ብዙ ሰዓት ፈጀብን። ውሃው ወገብ ይደርሳል። እሱ በእንጨቱ መሬቱን እየሞከረ ይረግጣል፣ እኔ እሱ የረገጠበትን እረግጣለሁ። አንዱን ጫማዬን ጭቃው በላው። ሌላ ቀን ቢሆን ምን እንደምለው እኔ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ትንፋሽ አልነበረኝም።

በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ልጄ ሳንቃው ላይ ናት። ቀድማናለች፤ ያየነው ጀርባዋን ነው። አንገቷን ደፍታ፣ በንዴት ቱር ቱር እያለች ትሄዳለች፤ ክፍተቱ ጋ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀራት።

«ልጄ፣ ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም።

ቆመች። ዞራ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ለማታውቀው ሰው ሁሉ እዚችው ናት ስትል ኖረህ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ራቀ?» አለችው። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል።

«የማላውቀውን ሰው ነው የምዋሸው» አላት፣ ቀስ ብሎ ወደ እሷ እየተራመደ። «ሳንቃውን ውሃ ወስዶታል። አንቺን ምን ብዬ ልዋሽሽ?»

አጠገቧ ሲደርስ እንጨቱን በጎኗ አሳልፎ ቄጠማው ላይ ሰካው። ሙሉውን ተዋጠ። ያኔ እዚያው ሳንቃው ላይ ቁጭ አለች። እሱም አጠገቧ ቁጭ አለ።

«አባዬ፣ አርግዣለሁ» አለችው።

ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም በአንድ እግር ጫማ ቆሜ አለቀስኩ፤ ማን ያየኛል።

ጀምበሯ እያዘቀዘቀች ስለነበር በመጣንበት መመለስ የማይታሰብ ነው። ወደ ፌርማታው ወጣንና የመጨረሻውን አውቶቡስ ይዘን ወደ እሷ ቤት ሄድን። እሱ ወንበሩን አቆሽሻለሁ ብሎ መንገዱን ሁሉ ቆሞ ነው የሄደው። የማን ደጅ እንደሚቆም ገብቶታል።

በሩን የከፈተው ጎሚስታው ነው። አማቱን ሲያይ ደነገጠ። ወለሉ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ባለቤቴ ደፉ ላይ ተገትሮ ቀረ። ይቅርታ ሊል እንደፈለገ አውቄያለሁ፤ ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ እንዴት አላውቅም? ከአፉ የወጣው ግን «እግሬ ጭቃ ነው» የሚል ሆነ።

አማቻችን እጁን ይዞ ወደ ውስጥ ሳበው።

«ግድ የለም አባባ፣ ይግቡ» አለው። «ቤት ይታጠባል።»