ካድሬው የወሬውን ምንጭ የጠየቀ ቀን

ኑ፣ ጠጋ በሉ! አንተ ቀውላላ፣ ያንን ስልክ ኪስህ ክተት። አንቺም ሳቅሽን ለሠርግሽ አስቀምጪው። ዝም ካላላችሁ አላወራም። እኔ ደግሞ ካላወራሁ እንደሚያመኝ ታውቃላችሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ አክስቴ ሐሊማ አዋሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቡና ትሸጥ ነበር። ከወሎ የመጣች ሴት ናት፤ ቡናዋ ዝንጅብል ይበዛበታል፣ ምላሷ ከዝንጅብሉ ይብሳል። ያኔ ሬዲዮው የሚለው ሁሌ አንድ ነው፤ የአገሩን ነገር ማወቅ የፈለገ እሷ ጋ ይቀመጣል። ፀሐይዋ በረድ ስትል ሾፌሩም፣ የጥጥ እርሻ ሠራተኛውም፣ ግመሉን ውጭ ያሰረው አፋርም ከሰሉን ከበው ያወሩ ነበር። እኛ ልጆች ተረት የምንለው ያንን ነው። ስንት ስብሰባ ላይ አንቀላፍቻለሁ፣ እዚያ ቤት ግን ዓይኔን ከድኜ አላውቅም።

አንድ ሰሞን አፈሳ ሊመጣ ነው ተባለና የከተማው ጎረምሳ ሁሉ በረሃ ገባ፤ የሐሊማ ልጅ ሰይድም አብሮ። አፋሾቹ ሲመጡ ያገኙት ሽማግሌና ፍየል ብቻ። የቀበሌው ካድሬ ተናዶ መጣ፣ በርጩማ ስቦ ቁጭ አለ።

«ወሬው የወጣው ከዚህ ቤት ነው! ማን እንዳመጣው ካልነገርሽኝ ቤቱን አሽገዋለሁ፣ አንቺንም አስርሻለሁ!»

ሐሊማ ጀበናዋን ከሰሉ ላይ አስተካከለች እንጂ ስም አልጠራችም። ወሬውን የነገሯት አባ ሁመድ ናቸው፣ እዚያው ተቀምጠዋል፤ አፋር ሽማግሌ፣ ሹሙንም ሕፃኑንም «አንተ» የሚሉ። ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት።»

አፋር ዳጉ አለው። ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይለዋወጣል፣ ከማን እንደሰማም ይናገራል። መደበቅ ነውር ነው።

«አንተስ ከማን ሰማህ?» አለ ካድሬው።

«ከወንድሜ ልጅ፣ መልካ ወረር ላይ።»

«እሱስ?»

«ከጭነት መኪና ሾፌር።»

ካድሬው ደስ አለው፣ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ሾፌሩስ? ተናገር!»

«ሾፌሩ እዚሁ ቤት ቡና ሲጠጣ ሰማ። አንድ ሰው፣ 'እነዚህን ጎረምሶች በዚህ ሳምንት አፍሰን ጦር ሜዳ እንልካቸዋለን' እያለ ይፎክር ነበር። ስሙን አላወቀም። ካኪ ለብሷል፣ የፊት ጥርሱ ወርቅ ነው።»

ካድሬው አፉን ግጥም አደረገ፣ ወርቁ እንዳይታይ። ሾፌሮቹ አፋቸውን በስኒያቸው ሸፍነው ሳቁ። በመጨረሻ ከንፈሩን ሳይከፍት አጉረመረመ፦

«ቢሆንም… ቤቱ መታሸጉ አይቀርም።»

«መጀመሪያ አፍህን አሽግ!» አለችው ሐሊማ።